ጭረት ያልነካው ማስተካከያ

«አድርጌዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«ሁለት ሳምንት አፍ ውስጥ የሰነበተ ፕላስቲክ እንዲህ አያበራም፤» አለ ጄሶ፣ ግልጹን የጥርስ ማስተካከያ ወደ መብራቱ አንስቶ። «ጭረት እንኳ የለውም። ከእጄ እንደወጣ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክር በጥርሷ ስትበጥስ የፊት ጥርሷ ጫፉ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሟ፣ መጀመሪያ የተደራረቡት ጥርሶች ይስተካከሉ፣ ስብራቱ ከዚያ በኋላ ይሞላል፤ አለበለዚያ ሙሌቱ አይበረክትም ብላት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየረውን ማስተካከያ የሚሠራው ጄሶ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እጁ የጥርስ ቅርፅ በሚያወጣበት ጄሶ ሳይነጣ ታይቶ ስለማያውቅ። ስለ ጥርስ ሲሆን ምላሱ ይፈታል፤ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ግን እሱ ራሱ እንደ ጄሶ ድርቅ ይላል።

«ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ የምትሸፍኚው እስከ መቼ ነው?»

«አንተን ምን ቸገረህ?»

ምን እንደቸገረው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ለእሷ የነገራት ብቻ የለም። የሌላው ሰው የጥርስ ቅርፅ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ፣ የእሷ የመጀመሪያው፣ ስብራቱ ሳይቀር፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እሷም ብትሆን ለአምስት ደቂቃ ጉዳይ መጥታ ግማሽ ቀን ነው የምትቀመጠው።

ተቆርቁሮ ማስተካከያውን እንደማታደርግ ለሐኪሟ ነገራት። ሐኪሟ ለልብስ ሰፊዋ አክስት ነገረች። አክስትየው ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ አፏን እያስከፈተች ታይ ጀመር።

በአምስተኛው ወር ጥርሶቹ ተስተካከሉ፤ ስብራቱም የጥርሷን ቀለም በመሰለ ሙሌት ተሞላ። ውጭ ይዘንባል። ልብስ ሰፊዋ የተሰጣትን መስታወት አንዴ አየችና በፊቱ ደፋችው።

«አልወደድሽውም?» አለ ጄሶ።

«ጥሩ ሠርታችኋል። አክስቴም ወዳዋለች። ሰውዬው እሁድ ይመጣል።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አክስቴ ያጨችልኝ ነዋ። ጥርሷ ሲያልቅ መጥተህ እያት ብላ ቀጥራው ነበር።» ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ደግሞ ማስተካከያውን የማላደርገው እንዳያልቅ ነበር። ለሐኪሟ ከምትነግር ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ጄሶ ነጭ እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ንጣቱ አልለቀቀም። የመጨረሻውን ፕላስቲክ፣ ጥርሶቹን ባሉበት የሚይዘውን፣ ዘረጋላትና የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ።

«ማታ ማታ ሳታቋርጪ አድርጊው። ከተውሽው ጥርሶቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ።»

ተቀብላው መብራቱ ላይ አገላብጣ አየችው።

«በስንት ወር?» አለች።