የካርቶኑ ቢላ

ተከስተ ካዛንቺስ ውስጥ ሊፈርስ ቀን በሚጠብቅ፣ አስፈሪ ፊልም በሚቀረጽበት አሮጌ ቪላ ሳሎን፣ ደረቱ ላይ የወጥ ቤት ቢላ እንደተሰካ በጀርባው ተንጋሏል። ሸሚዙ ላይ ሁለት ዓይነት ደም አለ፤ አንዱ የራሱ ነው፣ ሌላው ሜካፕ ሠሪዋ ሪሐና ከቀይ ሥርና ከስኳር የቀቀለችው።

ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ ከቪዲዮ ቤት አስፈሪ ፊልም እየተከራየች ያደገች ሴት ናት። በረንዳው ላይ በካቴና ታስሮ የተቀመጠውን ጭራቅ ስታይ ሳቋ መጣ፤ ከጆንያ የተሰፋው ቆዳ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው። ከዚያ ጭራቁን የሚጫወተውን የቴዎን ፊት አየችና ሳቋ ጠፋ።

«ማለቴ፣ እኔ የወጋሁት በካርቶኑ ቢላ ነው» አለ ቴዎ። «የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የለበሰው። በቃ፣ ከጭምብሉ ውስጥ ደግሞ ምንም አይታይም! የሦስት ወር ልጅ አለኝ፣ ኢንስፔክተር።»

ሪሐና ዓይኗ አብጧል።

«ተከስተ ሲወድቅ ዳይሬክተራችን ኤርሚ ሮጦ አየውና ‹ሞቷል! ውጡ፣ ሰው ጥሩ!› አለን።»

«አመንሽው?»

«መጀመሪያ አላመንኩም። እውነተኛ ጩኸት ለመቅረጽ ይዋሻል። ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ሊወድቅ ነው ብሎ አስሮጠን፤ ከተከስተ ጋር መክረውብን ነው። ዛሬ ግን ስንመለስ...» ማልቀስ ጀመረች።

ካሜራማኑም ራሱ ኤርሚ ነው። ካሴቱን ራሱ አምጥቶ ሰጠ።

«ሁሉም እዚህ ላይ አለ። ቴዎ ቢላውን ቀይሮታል።»

«አንተና ተከስተስ ሰላም ነበራችሁ?»

«ፊልሙን ያሠራው እሱ ነው። እስካሁን የቀረጽነውን ወሎ ሰፈር ለሰዎች ስናሳይ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ‹ኮሜዲ ብለን እናውጣው› ይላል። ስድስት ዓመት የለፋሁበትን!»

ሸዋአየሁ ቴሌቪዥን አስመጣች። ካሴቱን ብቻዋን ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ ባልደረባዋን የካሜራውን ቦርሳ እንዲፈትሽ አዘዘችና ሦስቱንም ቴሌቪዥኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ልብ በሉ፤ ደሙ የፈነዳው ቢላው ሳይደርስ ነው።»

«ተከስተ የደሙን ከረጢት ቀድሞ ጨምቆታል» አለች ሪሐና አፍራ።

«ቢላውስ?»

ቴሌቪዥኑ ላይ ስለቱ የተከስተን ደረት ሲነካ እጥፍ አለ። ቴዎ ከነካቴናው ብድግ አለ። ከዚያ «ሞቷል! ውጡ!» የሚለው የኤርሚ ድምፅ ተሰማ፤ የበር ድምፅ ተከተለ፤ ምስሉም ጠፋ።

«ብረት እንዲህ አይታጠፍም» አለች ሸዋአየሁ። «ስለዚህ ተከስተ ሲወድቅ ደህና ነበር። ታዲያ ‹ሞቷል› ሲባል ለምን አልተነሳም? ‹ካት› ተብሎ ቀረጻው አላበቃማ! ያለፈው ሳምንት ቀልድ የተደገመ መሰለው፤ ትንፋሹን ውጦ ተኛላችሁ። አብሮት ሳሎን የቀረው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ካሜራውን ያጠፋው ሰው።»

ባልደረባዋ ከቦርሳው ሥር ያገኘውን የካርቶን ቢላ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጫፉ ታጥፏል።

ኤርሚ ካሴቱን ከማስረከቡ በፊት ሁለት ጊዜ አይቶታል። የገዛ ፊልሙ ነውና አንድም እንከን አልታየው። አሁን ግን የታጠፈውን ካርቶን ትክ ብሎ አየና አልካደም። ካቴናው ከቴዎ እጅ ወጥቶ የእሱ እጅ ላይ ሲገባ ቀና አለ።

«ፊልሙ... አስፈራዎት?»

«ጭራቁ አስቆኛል» አለች ሸዋአየሁ። «‹ሞቷል› ያልክበት ድምፅ ግን አስፈርቶኛል። ያን ጊዜ ተከስተ ይሰማህ ነበር።»