የዋሻው ጉርሻ

«ታዲያ ይሄ ሽርጥ የማነው?» እታፈራሁ ጮኸች፤ ከፉርጎው በር ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ያወረደችውን ሽርጥ በጋሽ ላቀው ፊት እያራገፈች። «ሮማን በእጇ የሰፋችው አይደለም? ባለፈው እሑድ እዚሁ ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ አልነበረም?»

«የቷ ሮማን?» አለ ጋሽ ላቀው።

«ሚስትህ ናታ! ምን ነካህ አንተ ሰው?»

ሽማግሌው የባቡር ሹፌርነት ዘመኑን ኮፍያ አስተካከለና በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። «እንግዶች እየገቡ ነው፤ ዳቦውን ቁረጪ።»

እታፈራሁ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ወጥ የምታማስለው ካሚላ ድስቷ ላይ አቀረቀረች። ፍሬን የሚይዘው አሊዪ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ዛሬ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ልታግዝ የመጣችውና ሮማንን የማታውቀው የእታፈራሁ ታናሽ እህት ውብዓለም ብቻ ሳቀች፤ «እታለም፣ ገና ሳንነሳ ከሰው ተጣላሽ?»

ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ የድሬዳዋ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ደሞዝ የለም፤ ዝገቱን በገዛ እጃቸው ፍቀው፣ የወንበሩን ቆዳ ጠግነው፣ እሑድ እሑድ እንግዳ ጭነው ከኮረብታዎቹ ማዶ እስካለው አሮጌ ጣቢያ ምሳ እያበሉ ወስደው ይመልሳሉ። እታፈራሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ እሑድን የምትኖረው ለዚህ ፉርጎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን ካለፈው እሑድ ጉዞ ወዲህ ስለጠፋችው ሮማን የጠየቀቻቸው ሁሉ ዓይናቸውን ሲሰብሩ አይታ፣ ሰው ሁሉ እንዴት እኩል ይረሳል እያለች የራሷን አእምሮ መጠርጠር ጀምራለች።

እንግዶቹ ከምግቡ ይበልጥ የሚወዱት አንድ የቆየ ልማድ ነበር። መንገዱ መካከል ላይ ዋሻ አለ። ባቡሩ ሊገባ ሲል ፊሽካው ይነፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሁሉም በጨለማ አጠገቡ ያለውን ሰው ያጎርሳል። ሲሄድ የጎረሰ፣ ሲመለስ በዚያው ዋሻ ውስጥ ማጉረስ አለበት። እታፈራሁ እስከዛሬ ዋሻውን የምታልፈው ሳህን ታቅፋ ቆማ ነበር። ዛሬ ግን ጋሽ ላቀው ራሱ ከኋለኛው ጠረጴዛ ወንበር ሳበላት።

«ተቀመጪ በሞቴ። ተቀይመሽኝ እንዳትቆሚ።»

በሽማግሌ አፍ በሞቴ ተብላ እምቢ ማለት አልሆነላትም፤ ተቀመጠች።

ፊሽካው ተነፋ። ጨለማው መስኮቶቹን ከፊት ወደ ኋላ አንድ በአንድ እየደፈነ መጣ፣ የመንኮራኩሮቹ ጩኸት ከዓለቱ ጋር ተላትሞ ተመልሶ ፉርጎውን ሞላው፣ ባቡሩ የሚሄደው በናፍጣ ሆኖ ሳለ የከሰል ጥቀርሻና የረጠበ ድንጋይ ሽታ ከወለሉ ሥር ተነሣ። እንግዶቹ «አፍንጫዬ ነው እኮ እሱ!» እየተባባሉ ይንጫጫሉ። እታፈራሁ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከጋሽ ላቀው ጎን ካለው ባዶ ወንበር በኩል መጣ፤ የቀዘቀዘ፣ ጮማው የረጋበት፣ እንደ አሸዋ የሚንቋቋ ነገር ያለበት። ጣቶቹ ከንፈሯ ላይ አልቆሙም። ምላሷን አልፈው ገቡ፤ ረጃጅም ነበሩ፤ እስክትውጥም ድረስ እዚያው ታግሠው ጠበቁ።

ብርሃን ሲመለስ ውብዓለም ከፉርጎው ወዲያኛው ጫፍ ውኃ እየቀዳች ነበር። ጋሽ ላቀው ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። ባዶው ወንበር ላይ ውኃ ተንጠባጥቧል።

«ማነው ያጎረሰኝ?»

«ዋጥሽው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ ስንመለስ ታጎርሺዋለሽ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «እጅ ነው የሚፈልገው። የማን እንደሆነ አይጠይቅም።»

እታፈራሁ ከኪሱ ያልወጡትን ሁለት ጤነኛ እጆች እያሰበች፣ ምስማሩ ላይ ተመልሶ የተሰቀለውን ሽርጥ ተመለከተች። የዚያን ጊዜ ሮማን በባሏ እጅ ፋንታ የት እንደሄደች ገባት።

አሮጌው ጣቢያ ሲደርሱ እንግዶቹ ፎቶ ለመነሣት ወረዱ። እሷም በእግሯ ልትመለስ፣ ሐሩሩ ቢገድላትም ልትሄድ ቆርጣ ወደ ደረጃው ወጣች። አንድ እግሯን ስታወርድ ግን የዋጠችው ነገር ሆዷ ውስጥ ተገላበጠና ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ፤ ከውስጥ በኩል ትንፋሿን ጨብጦ ያዘው። እግሯን ስትመልስ ለቀቃት። ደግማ ሞከረች። ደገመው። ካሚላ ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ቆይታ ቀዝቃዛ ውኃ አቀበለቻትና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

ጉዞው ሲጀመር እታፈራሁ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየች። እናታቸው ስትሞት ውብዓለም ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ፍትፍት አላምጣ እያጎረሰች ያሳደገቻት በዚሁ እጅ ነው። ኮረብታዎቹ ቀረቡ። የዋሻው አፍ በሩቁ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ታየ፣ ከዚያ እንደ ጉድጓድ ሰፋ።

«ውቤ፣ ነይ እስቲ ተቀመጪ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ዋልሽ። ሽርጡንም አውልቂው፤ እንደ እንግዳ ሁኚ፣ በሞቴ።»

«ዛሬማ ጠባይሽ ጤና አይደለም፤ ጠዋት ጠብ፣ ከሰዓት ግብዣ!» ውብዓለም እየሳቀች ሽርጧን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለችና ተቀመጠች። እታፈራሁ ጠቅልላ ያዘጋጀችውን ጉርሻ በመዳፏ አስጨበጠቻት።

«ማንን ነው የማጎርሰው? ወንበሩ ባዶ ነው እኮ።»

«ሲጨልም ይመጣል። አንቺ ብቻ እጅሽን ዘርጊ።»

ፊሽካው ተነፋ። እታፈራሁ የእህቷን አንጓ ያዘች፤ ሞቃት ነበር፣ የደም ሥሩ ይመታል። የከሰሉ ሽታ ተነሣ። ማዶ ያለው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ሲጥ አለ።

«እታለም፣» አለች ውብዓለም፣ አሁንም ሳቅ ባልለቀቀው ድምፅ፣ «ይሄ ሰው ጥርሱ...»

ከዚያ በኋላ የተሰማው የእንግዶቹ ጫጫታ ነበር። አንጓው ከእታፈራሁ እጅ ውስጥ፣ ገመድ ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ፣ ሳይቸኩል ተንሸራተተ። ክንዱ ተከተለ፤ ትከሻው ተከተለ፤ በመጨረሻ ፀጉር የጣቶቿን ጫፍ ዳስሶ አለፈ። ልትይዘው ትችል ነበር። ጣቶቿን ከፈተች።

ብርሃኑ ሲመለስ እንግዶቹ ፊታቸው ቅባት በቅባት ሆኖ አጨበጨቡ። ጋሽ ላቀው ተነሣ፤ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ሽርጡን አንሥቶ በጥንቃቄ አጣጠፈና ምስማሩ ላይ ከሌላው ጋር ሰቀለው። አሊዪ ወለሉን ወለወለ። ካሚላ የተረፈውን ሳህን አነሣች።

ድሬዳዋ ሲገቡ እታፈራሁ እያንዳንዱን እንግዳ በሩ ላይ ቆማ በፈገግታ ሸኘች፤ እህትሽስ የት ሄደች የሚላት ቢመጣ «የቷ እህት?» ልትል መልሱን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ጓደኞቿ በየተራ ደህና ዋዪ እያሉ ወርደው ፉርጎው እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀች፤ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።