ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

ታላቁ ቃጠሎ የገበያውን ሰፈር አመድ ባደረገ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰማዩ ጠቁሮ ክረምቱ ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን፣ የከተማው የሕንጻ መርማሪ ከጨርቅ ነጋዴዎች አለቃ መደብር ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቆሞ አንድ በር ያይ ነበር። በሩ ከፎቁ የስፌት ክፍል በሚወርደው ደረጃ ግርጌ የተተከለ ነው፤ አዲስ፣ ጠንካራ፣ ማጠፊያው ዘይት የጠጣ፤ እንደ አዋጁም ወደ ውጭ የሚከፈት። ነገር ግን ከውጭ በኩል የጨርቅ ቦንዳ እስከ ጉበኑ ተቆልሎበታል።

አዋጁን ያረቀቀው ራሱ መርማሪው ነበር። በቃጠሎው ማግስት ፍርስራሹን ሲያስነሣ፣ ሰዎች ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ላይ ተደራርበው፣ የኋለኛው የፊተኛውን እየገፋ፣ በሩን መሳብ አቅቷቸው እንዳለቁ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ በየመደብሩ ሁለተኛ በር ይኑር፤ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ በደረጃ ላይ ዕቃ አይከማች ብሎ ጻፈ፤ ሸንጎውም አጸደቀለት። ነጋዴዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላንገራገሩም። ደረጃቸውን አጸዱ፤ ያነሡትንም ቦንዳ የሚያኖሩበት ስላልነበራቸው እንደ ቀድሞ ልማዳቸው ከበሩ ውጭ ደረደሩት። በር ወደ ውስጥ በሚከፈትበት ዘመን ከውጭ የተደረደረ ዕቃ በሩን አያግደውም ነበርና፣ ማንም ክፉ ሥራ የሠራ አልመሰለውም።

«ክቡር አለቃ፣ ይህ በር እኮ አይከፈትም» አለ መርማሪው።

«ጌታው፣ ደረጃዬ ላይ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ ካገኙ ይቅጡኝ» አለ የነጋዴዎቹ አለቃ ሳይቆጣ። «መተላለፊያውን የሚያነሣ ቃል ግን አዋጁ ላይ አላየሁም፤ እርስዎ ካዩ ያሳዩኝ።»

መርማሪው ወደ ሸንጎው ሄዶ በአዋጁ ላይ አንዲት መስመር እንድትጨመር ለመነ፤ የሸንጎው አለቃም «አዋጅ በየሳምንቱ የሚጣፍ ልብስ አይደለም፤ ከክረምቱ በኋላ እናየዋለን» ብለው አሰናበቱት። እንደገና ቢመለስም ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። አንድ ቀን ካባውን አውልቆ ቦንዳውን በገዛ እጁ እየጎተተ አነሣ፤ በማግስቱ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ መልሰው ደርድረውት አገኘ።

የስፌት ክፍሉን የምትመራው ታላቅ እኅቱ ነበረች፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ እርሱን ያሳደገችው፣ ያስተማረችውም በመርፌዋ ነው።

«እትዬ፣ ይህን ቤት ተዪው» አላት።

«ትቼ የት ልግባ? አንተ ቤት መጥቼ ከሚስትህ ጋር በአንድ ጉልቻ ልጋፋ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ደግሞ ያንን በር ያሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ? እሳት ቢነሣ በወንድሜ በር ነው የምንወርደው፣ አትፍሩ ብዬ ለሴቶቹ ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ።»

«በሩ አይከፈትም።»

«ስንገፋው ይከፈታላ። ይህን ሁሉ ሴት ምን ያቆመዋል?»

ዝናብ የጠጣ ቦንዳ ምን ያህል እንደሚከብድ ሊነግራት ፈለገ፤ እርሷ ግን ወደ ስፌቷ ተመልሳ ነበር። ፈራ፤ ፍርሃቱንም የሚያካፍለው ሰው አጣ።

በክረምቱ አጋማሽ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከስፌት ክፍሉ ወደ መደብሩ በሚወርደው በፊተኛው ደረጃ አፍ የነበረ የከሰል ካውያ ከጨርቅ ላይ ተገለበጠ። መርማሪው ሲደርስ ደረጃው በእሳት ተይዞ ነበርና ወደ መተላለፊያው ሮጠ። ተሸካሚዎቹም መጡ፤ የነጋዴዎቹ አለቃም ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ውኃ የጠጣው ቦንዳ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ አልነቀል አላቸው። በሩ ከውስጥ ይመታል፤ ከጩኸቱም መሐል አንድ የሚያውቀው ድምፅ ይሰማል።

«ቆዩ፣ አትጋፉ! ወንድሜ እያነሣው ነው።»

ይህን ደጋግማ አለች። የመጨረሻው ቦንዳ ሲነሣ ግን በሩን የሚመታ እጅ አልነበረም። መርማሪው ሲስበው ያለ ችግር ተከፈተ፤ ማጠፊያው እንኳ ድምፅ አላሰማም። ከውስጥ በሕይወት የወጣ የለም።

ሸንጎው ክረምቱ እስኪያልፍ አልጠበቀም፤ በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ የተለመነችውን መስመር ጨመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። መርማሪው ሹመቱን መለሰ፤ ከዚያ በኋላ አዋጅ አላረቀቀም፤ ሌሎች ያረቀቁትንም አላነበበም።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የከተማውን ገዢ ስለ አዋጁ እጅግ አመሰገኑ፤ አዋጁ ተቀርጾበት በገበያው መግቢያ በተተከለው የድንጋይ ጽላት ላይም ድንጋዩን የሰጠው የነጋዴዎች አለቃ ስም ሰፍሯል፤ የሴቶቹን ስም የመዘገበ ግን የለም። በጽላቱ ግርጌ፣ ቦታ ስላልተረፈላት በደቃቅ ፊደል ተጨናንቃ የተቀረጸች አንዲት መስመር አለች፤ «ከበሩም ውጭ ዕቃ አይደርደር» ትላለች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ጠራቢው ድንጋዩን አስቀድሞ ሳይለካው ቀርቶ ይመስለዋል።