መዝሙሩ የቱ ጋ ነው?

ኦብሴ የቤተ ክርስቲያኑን ላፕቶፕ ከፍታ ስታየው ፊቷን አጨማደደች። ዴስክቶፑ ከዳር እስከ ዳር ፋይል ነው። ደግሞ ስማቸው! «ጌታ ሆይ»፣ «ጌታ ሆይ አዲስ»፣ «ጌታ ሆይ አዲሱ ትክክለኛው»።

«ፋራ» አለች በልቧ። ፋራዋ አጠገቧ ቆማለች፤ እሑድ እሑድ የመዝሙሩን ግጥም በስክሪን የምታሳየው ዶርቃ ናት። ሁለቱም መካኒሳ ባለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይማራሉ። በኮምፒውተር ትምህርት ኦብሴን የሚደርስባት የለም፤ ዶርቃ ግን ፎልደር መክፈት እንኳን ያደክማታል። ያቺ ልጅ ከላፕቶፑ ፊት ያለውን ወንበር መያዟ ኦብሴን ያንገበግባታል። የአምልኮ መሪው ልዑልቃል ፋይሎቹን እንድታስተካክል ሲጠይቃት፣ ካማረላት ወንበሩን እንደሚሰጣትም ነግሯታል።

ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ስታጸዳ ዋለች። መዝሙሮቹን በየግጥሙ ሥር በተጻፈው የደራሲ ስምና ዓመተ ምሕረት ለይታ በየፎልደሩ ከተተች። ዶርቃ ፈራ ተባ እያለች፣ ሲዘመር መዝሙሩን በምን እንደምታገኘው ጠየቀቻት።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለቻት ኦብሴ።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። ልዑልቃል በጸሎት መሀል መንፈስ እንደመራው ያልታሰበ መዝሙር ያነሳል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ ወዲያው ማውጣት አለበት። በማግስቱም ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ…» ብሎ ጀመረ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ እየዞረ ዶርቃን ያያት ጀመር።

ኦብሴ ዶርቃ ስትደናበር አይታ ናቀቻት። ሄዳ «ዞር በይ» ብላ ማውሱን ነጠቀቻት። ፎልደሮቹ ሥርዓት ይዘው ተደርድረዋል። ግን ይህን መዝሙር ማን ደረሰው? መቼ? አታውቅም። አንዱን ስትከፍት ሌላውን ስትዘጋ መዝሙሩ አለቀ።

«ድሮ በግራ በኩል፣ ከላይ ሦስተኛው ነበር» አለች ዶርቃ ቀስ ብላ።

ከአምልኮው በኋላ ልዑልቃል መጥቶ ዶርቃን ወቀሳት። ፋይሉ ተስተካክሎላት እንኳን አልቻለችም፤ ስለዚህ ካሁን በኋላ ኦብሴ ትቀመጥ አለ። ዶርቃ አንገቷን ደፋች። ኦብሴ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። የመጣው ግን ያው ንቀት ነበር፤ ዛሬ የናቀችው ራሷን ነው።

«ወንበሩ የሷ ነው» አለች። «ፋይሉን የደበቅኩባት እኔ ነኝ።»

ልዑልቃል ግራ ገብቶት ሄደ። ኦብሴ ላፕቶፑን አቅርባ ከዶርቃ ጎን ተቀመጠች።

«የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ስንኝ ንገሪኝ። ፋይሉን በሱ እሰይመዋለሁ።»

«ካልዘመርኩት አይመጣልኝም» አለች ዶርቃ አፍራ።

«እሺ፣ ዘምሪው።»

ዶርቃ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ድምጿ በፍጹም አያምርም። ኦብሴ ግን ሳታቋርጣት መጻፍ ጀመረች።