የሚሮጠው ቁልፍ ሠሪ

«ይህን ጨዋታ በዛሬ ኮምፒውተር እንዲሠራ ያደረግኩት ብቻዬን ነው» አለ የሚጢጢ ጓደኛ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ከኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ። ምላሱ ስለማታርፍ ተማሪው ሁሉ «ጠበቃው» ነው የሚለው።

ሚጢጢ ጆሮዋን አላመነችም። ብቻዬን? እረፍቱን በሙሉ አክስቷ ቤት ከማን ጋር ነበር ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠው? ጨዋታው ራሱ የአክስቷ ነው። በወጣትነቷ እያንዳንዱን ክፍል በእጇ ስላ፣ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ሠሪ በማውስ ወደተነካው ቦታ ሁሉ እያዘገመ እንዲሄድ አድርጋ ሠርታዋለች። ዛሬ ለዚህ ብላ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ሚጢጢ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ስሜን የት አደረገው?» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

የጨዋታው መክፈቻ ገጽ ላይ የጠበቃው ስም ብቻ ነበር። የሚጢጢ ፊት ጋለ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ፤ ይሄ ደግሞ «እህቴ» እያለ ነው የጣላት።

ጨዋታው ተጀመረ። ጠበቃው በሩን ሲነካ ሽማግሌው ውልብ ብሎ ጠፋ። መስኮቱን ሲነካ ተመልሶ በረረ።

«ፖሊስ ያባርረዋል እንዴ!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሚጢጢ ወዲያው ገባት። የድሮ ጨዋታ በኮምፒውተሩ ፍጥነት ነው የሚራመደው፤ አዲስ ማሽን ላይ ያብዳል። ለዚህ ብላ ፍሬን የምትሆን ትንሽ ፕሮግራም ጽፋ፣ ፋይሏን «ሚጢጢ» ብላ ሰይማት ነበር። ጠበቃው ስሟን ከጨዋታው ሲያጸዳ ፍሬኑንም አብሮ ሰርዞታል።

እሰይ! አለች በሆዷ። የእጁን ነው ያገኘው።

ዞር ስትል ግን አክስቷ አንገቷን ደፍታለች። የሚሳቀው በጠበቃው አልነበረም፤ በሽማግሌው ነበር።

ሚጢጢ ተነስታ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ተገላገልኩ!» አለ ጠበቃው ላቡን እየጠረገ። «ቶሎ በይ፣ የቱን ልጫን? ንገሪኝና ተመልሰሽ ተቀመጪ፤ በኋላ እናወራለን፣ እሺ እህቴ?»

ሚጢጢ የጨዋታው ቅጂ ያለባትን ፍላሿን ሰክታ ፍሬኑን መለሰች፤ አክስቷ ስሟን ጽፋ የሠራችውን መክፈቻ ገጽም እንዳለ መለሰችው። ከዚያ ጠበቃውን አየችው።

«ተነስ።»

ቀስ ብሎ ተነሳ። እሷ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ወደ አዳራሹ ዞረች።

«አክስቴ፣ ነይ አንቺ ተጫወቺው።»