ዴምያና የደበቀችው ቅርጫት

ዴምያና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷና ከአያቷ ከአባባ ሸኑዳ ጋር ትኖራለች። አባባ ሸኑዳ የመርሳት በሽታ አለባቸው። እሳቸው ምን ያድርጉ ልጆች? ሕመም ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሰገነቱ ላይ ቅርጫት በገመድ ያወርዱና ታች ያለውን ባለሱቅ፣ “ረምዚ! ዳቦ!” ይሉታል። ዳቦው ይመጣል። ወዲያው ደግሞ፣ “ረምዚ! ዳቦ!”

“አባባ፣ አሁን እኮ ወሰዱ!” ይላል ልጆቹ ‘አሞ’፣ ማለትም አጎት፣ የሚሉት ረምዚ እየሳቀ።

የሰፈር ልጆች ይህን ሲሰሙ ዴምያናን አላስቀምጥ አሏት። “አያትሽ ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?” ይላል አባኑብ የሚባለው ቀልደኛ። ዴምያና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

አንድ ቀን እናቷ ሥራ እንደሄደች ቅርጫቱን አልጋ ሥር ወሸቀችው። አሞ ረምዚ ከታች፣ “ዛሬ አባባ የት አሉ?” ሲላት፣ “ሚንያ ሄደዋል፣ ዘመድ ጥየቃ” አለችው። አይ ዴምያና!

አባባ ቅርጫቱን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። እሷ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣ ሳለች ከኋላዋ በበሩ ወጥተው ሄዱ። ዞር ስትል በሩ ክፍት ነው። ደረጃውን ሮጣ ወረደች፤ የሉም።

አሁን ምን ታድርግ? ብትናገር ውሸቷ ይወጣል። ዝም ብትል አባባን መኪና ሊገጫቸው ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ግን አንጀቷ አልቻለም። ወደ ሰገነቱ ተመልሳ ወጥታ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

“አሞ ረምዚ! ዋሽቼ ነው! ቅርጫቱንም የደበቅኩት እኔ ነኝ! አባባ ታመዋል፣ ይረሳሉ! አሁን ደግሞ ጠፍተዋል! ኧረ እርዱኝ!”

የሰፈሩ ሰገነት ሁሉ በሰው ተሞላ። ስትወርድ አሞ ረምዚ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሮጠ።

“ልጄ፣ ቅርጫቱ በወረደ ቁጥር ‘እሰይ፣ ቤት አሉ፣ ደህና ናቸው’ እል ነበር እኮ። ምነው ደበቅሽብኝ?” አላት። ዴምያና እያለቀሰች ሮጠች።

ያገኛቸው ያ አባኑብ ነው። ትልቁ መንገድ መሃል፣ መኪናው በግራ በቀኝ እየጮኸባቸው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። እጃቸውን አጥብቆ ይዞ አሻገራቸው።

ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እነዴምያና ቤት ተሰበሰበ።

“እኔም እኮ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት” አለች እናቷ።

“አንቺ ደግሞ! እኛ ምን ልንሆን ነው እዚህ ያለነው?” አለች ከታች ፎቅ ያለችው የሚና እናት፣ ኡም ሚና። “ሥራ ስትሄጂ እኔ ጋ ይዋሉ። ለወጥ የሞሎኪያ ቅጠል ስቀነጥስ ያግዙኛል።” አባኑብም ቅዳሴ ሲሄዱ እኔ እወስዳቸዋለሁ አለ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዴምያና አያቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ምን አድርገሽ ነው?” ረስተውታል። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ግን ሁሉንም ነገረቻቸው።

አባባ ራሷን ዳበሱት። “ይቅር ብዬሻለሁ። ነገ ብረሳው እንኳ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።”

ልጆች፣ የታመመ ሰው አያሳፍርም፤ አትደብቁት፣ ጎረቤት እንዲያግዛችሁ ንገሩ።