ሳቢራ ያላለችው

«አውፍ በሉኝ! በማውቀውም በማላውቀውም ያስቀየምኳችሁን፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ!»

«አውፍ ብለናል ማማ ጣይባ! አንቺ ደግሞ ማንን አስቀይመሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቢራ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ግቢው ጢም ብሏል። ከማለዳ ጀምሮ ማንያታ ሰፈር ውስጥ እግር ያለው ሁሉ እየመጣ ነው፤ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እናቷ ያንኑ ቃል ትደግማለች፣ ሰዉም ያንኑ መልስ ይመልሳል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ወጉ ይህ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ አላህ ቤት አይኬድምና ከመንገዱ በፊት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተኳረፈውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ጣይባ ደግሞ አንድ ነገር ስትይዝ ለጉድ ነው፤ ድሮ በውሃ ወረፋ ላይ የተቆጣቻትን ሴትዮ ሳይቀር አስፈልጋ አስመጥታለች።

ሁሉንም አስታውሳለች፣ አንድ ሰው ሲቀር። የቀረችው ሰው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ሻይ እያደለች ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ጣይባን የማያደንቅ ሰው ሞያሌ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ተሰዳ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ የገባችው ገና በልጅነቷ ነበር። ካምፑ ሲዘጋ፣ ሌላው ወደየፊናው ሲበተን፣ እሷ እዚሁ ድንበሩ ላይ ቀረች። ሰልባጅ ልብስ በጀርባዋ እያዞረች ሸጠች። ቆይታ የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። ማንያታ መሀል የቆመውን የውሃ ታንከር ያስተከለችው እሷ ናት። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ሲታኮስ የሁለቱንም ወገን ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ጣሪያ ሥር አስተኝታ ከአንድ ድስት ያበላችውም እሷ ናት። አሁንም ሐጅ የሚልኳት ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ነጋዴዎች ተዋጥተው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ሳቢራን የሚያበግናትም ይኸው ነበር። እናቷ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ መቀየም እንዴት በቀለላት!

«ሳቢ!»

ዲንቁ ናት፣ ጓደኛዋ። ለነሐሴ እረፍት ከአዳሪ ትምህርት ቤት መጥታለች። ከኦቦ መንደር ድረስ እናቷን አስከትላ፣ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተሳፍረው፣ ሁለቱም አቧራ ጠግበው ነው የደረሱት። በዚያ ሙቀት የትምህርት ቤቷን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች።

«አካም ጅርታ? ናፍቀሽኝ ልሞት ነበር እኮ!»

«ደህና ነኝ። ላቦራቶሪውስ እንዴት ነው?»

«ወይኔ፣ ላቡ! ባለፈው አንዷ አሲድ ደፍታ ጫማዋን በሳችው። ቲቸር ጮኸችባት፣ እኛ ደግሞ ሳቃችንን...» ዲንቁ ድንገት አቋረጠችው። የሳቢራን እጅ ያዘች። «እዚያ መቀመጥ የነበረብሽ አንቺ ነሽ። አልረሳውም እሺ? ለክላሱ ሁሉ ስላንቺ ነግሬያለሁ።»

የዲንቁ እናት አማርኛ ብዙም አይችሉም። ዝቅ ብለው የሳቢራን እጅ ሳሙ። ትልቅ ሴት፣ የልጅ እጅ! ሳቢራ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እጇን ቀስ ብላ ሳበችና ሻይ አቀረበችላቸው።

ነገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የጣይባ ማኅበር በየዓመቱ ከአካባቢው አንዲት ልጅ እየመረጠ መሀል ኬንያ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባል። ሕጉ አጭር ነው፤ በስምንተኛ ክፍል ፈተና አንደኛ የወጣችው ትሄዳለች። ያን ዓመት አንደኛ የወጣችው ሳቢራ ነበረች፣ ዲንቁ ደግሞ ሁለተኛ። ያኔ ጉድ ፈላ። «የሊቀመንበሯ ልጅ! ድሮስ!» የሚል ሹክሹክታ ከታንከሩ ወረፋ ተነስቶ ገበያ ደረሰ። ሳቢራ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች፤ ፈተናውን የሠራችው ራሷ ናት። የአዳሪ ተማሪ የብረት ሳጥን አስገዝታ፣ ስሟን በነጭ ቀለም አስጽፋበት፣ ጧት ማታ እየከፈተች ትዘጋዋለች።

ከዚያ የሰፈሩ አስተዳዳሪ፣ ቺፉ፣ ሕዝቡን ለባራዛ ስብሰባ ጠራ። ሰዉ ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ጣይባ ማይኩን ተቀበለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንዲህም አለች፦

«ልጄ ሳቢራ ትናንት እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹እማ፣ እኔስ አንቺ አለሽልኝ። ቦታዬን ለዲንቁ ስጪልኝ› አለችኝ።»

ሳቢራ እንዲህ አላለችም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም አላለችም። ቃሉን የሰማችው እንደማንኛውም ሰው እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነው። አፏን ሳትከፍት እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ተሻምተው አቀፏት፣ አንዲት አሮጊት ጉንጯን ስመው አለቀሱ፣ ዲንቁ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል ተነስታ «ኧረ እኔ አላልኩም» ማለት የምትችል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ካለች ሳቢራ ልታውቃት ትወዳለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቢራ የሞያሌ መልአክ ሆነች። መልአኳም አንድ ዴስክ ላይ ለአራት በሚቀመጡበት ክፍል፣ አንድ ብልቃጥ እንኳ ሳታይ ኬሚስትሪን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ትገለብጣለች። እናቷ ስለዚያ ቀን አንዴም አንስታ አታውቅም። ሳቢራም አላነሳችም፤ ቂም ግን ሳይነሳም ያድጋል።

አመሻሽ ላይ እንግዳው ሳሳ። ጣይባ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሳቢራን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ ይቺን ጫፏን ያዥልኝ።» አንድ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ማጠፍ ጀመሩ። «ውይ ወገቤ! ሰዉስ አለቀ። ያንቺ ብቻ ቀረ። አንቺም አውፍ በይኝ ልጄ።»

ጨው አቀብይኝ የምትል ነው የምትመስለው።

«ምኑን?» አለች ሳቢራ።

«እንዴ! አውፍ ሲባል ይዘረዘራል? ሁሉንም ነዋ!»

«ሁሉንም አልፈልግም። አንዱን ብቻ ጥሪልኝና አውፍ እልሻለሁ።»

የጣይባ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። የትኛው እንደሆነ አውቃለች፤ ማወቋን ሳቢራም አየች። ከንፈሯ ተላቀቀ። ልክ በዚያች ሰዓት ውጭ አንድ ሰው «ሆዲ! ማማ ጣይባ፣ አለሽ?» አለ።

«ካሪቡ! ግባ!» ጣይባ ከእስር እንደተፈታ ሰው ብድግ ብላ ወጣች።

በዚህ ቤት በር ላይ የሚጠራ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ሳቢራ ያላለቀውን ጨርቅ ብቻዋን አጠፈችው።

በማግስቱ ጧት የናይሮቢው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ አዲሱ አስፋልት ዳር ቆሟል። ግማሹ ሰፈር ሊሸኝ ወጥቷል። የሰፈሩ ሽማግሌ ምዜ ጉዮ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ እንደ ወጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«ጣይባ መሄዷ ነው። ሐቅ አለኝ የሚል ሰው አሁን ይናገር። አውፍ ብላችኋታል?»

«ብለናል!»

«ልጇስ?»

«ሳቢራማ ድሮ ብላለች!» ጎረቤታቸው ሀቢባ ቀደመች። «ይቺ መልአክ እናቷን ልትቀየም ነው?»

እልልታው ተነሳ። ያው ሰው፣ ያው እልልታ። አሁንም ዝም ካለች ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው እየተናገረላት እንደሚኖር ገባት።

«አላልኩም» አለች።

ድምጿ ትንሽ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሰሙና ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀጥለው የቆሙት፣ ከዚያ ሁሉም።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች ሀቢባ።

«እኔ ሳልል፣ አለች አትበሉ። አላልኩም።»

ጣይባ መጥታ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት፣ ወደ አውቶቡሱ ጀርባም ወሰደቻት። የናፍጣው ጭስ እዚያ ይከረፋል።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ፊት!»

«አንቺም ሰው ፊት ነው ያደረግሽው።»

ጣይባ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የአሮጊት ዓይን ሆኖ ነበር።

«ያን ቀን ማኅበሩ ሊፈርስ ነበር ሳቢራ። ‹ለልጇ በላችው› ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ቢፈርስ ታንከሩን ማን ያስሞላዋል? የሚቀጥሉትን ልጆች ማን ይልካቸዋል?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ብትዪኝስ!»

«እሺ ብልስ?» ሳቢራ እንባዋ መጣ፣ ተናደደችበት፣ ግን መጣ። «ምናልባት እሺ እል ነበር፣ እማ። ምናልባት እውነትም ‹ለዲንቁ ስጪልኝ› እል ነበር። አሁን እኔ ራሴ አላውቀውም። ሰዉ ሁሉ ደግ ናት ይለኛል፤ ደግ ልሁን አልሁን ግን እኔ አላውቅም። ትምህርት ቤቱስ ይቅር። ይህንን ለምን ወሰድሽብኝ?»

ስብሰባ ሙሉ ሰው አፍ የምታስይዝ ሴት የሻሿን ጫፍ ይዛ ታሻሸዋለች።

«ዋሽቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ባንቺ ስም ዋሽቻለሁ። አውፍ በይኝ።»

ሳቢራ ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቃታለች። ስትሰማት ግን ደስ አላላትም። ከአውቶቡስ ጀርባ፣ በሞተር ጩኸት ውስጥ፣ ከእሷ በቀር ማንም ያልሰማት ቃል ናት።

«ንገሪያቸው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ዲንቁ እዚያ ቆማለች እኮ። እናቷም አሉ። ስመለስ... ስመለስ እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ሳቢራ ይህን ኢንሻአላህ ታውቀዋለች። እናቷ የማይሆን ነገር የሚለምናትን ሰው በሰላም የምትሸኝበት ነው።

«እንግዲያው እኔም ስትመለሺ እላለሁ» አለች። «ኢንሻአላህ።»

ሹፌሩ ክላክሱን አንባረቀው። ሁለቱም ወደ ሰዉ ተመለሱ።

«እህ? አለችሽ አይደል?» ሀቢባ አላስችል ብሏት ጠየቀች። «አለች በይንና ልባችን ይረፍ!»

ሳቢራ ጠበቀች። «አለች» የምትል አንዲት ቃል ነገሩን ሁሉ ትዘጋዋለች፤ እናቷ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ቃል ታውቅበታለች። ጣይባ አንድ እግሯን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርጋ ሰዉን አየችው። ሃያ ዓመት ያጠጣችው፣ ያስታረቀችው፣ የቀበረችለት ሰው ነው። ሁሉም ፈገግ ለማለት ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

«አላለችኝም» አለች። «ሐቅ አላት። እውነቷን ነው።»

ይህን ብላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እናቷ ሐጅ ላይ ብትታመምስ? እዚያው ብትቀርስ? ሮጣ መስኮቱን መደብደብ፣ «ብያለሁ! ብያለሁ!» ማለት አማራት። እግሯ ግን አልተነሳም። ብትለው ውሸት እንደሚሆን ታውቅ ነበር። እናቷ በመስኮቱ እያየቻት ሄደች፤ እጇን አላወዛወዘችም፣ ሳቢራም አላወዛወዘችም።

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። «እናቷን ያለ አውፍ የምትሸኝ ልጅ! ወይ ዘመን!» አለች ሀቢባ፣ ሳቢራ እንድትሰማ አድርጋ። ምዜ ጉዮ ራሳቸውን እየነቀነቁ በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ አለፉ። ትናንት ሊያቅፏት ይሻሙ የነበሩት ሴቶች ዛሬ አጠገቧ ሲደርሱ ሰፋ አድርገው እየዞሯት ሄዱ።

ዲንቁ ብቻ ቀረች። ቀስ እያለች መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሳቢ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ምን አድርጋሽ ነው?»

ሳቢራ ጓደኛዋን አየቻት። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ብትተፋው ዲንቁ ዳግመኛ በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ በደስታ አትቆምም። «ምንም» የሚለውም እዚያው ምላሷ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደ እናቷ መሆን ነው።

«እማ ስትመለስ ራሷ ትነግርሻለች» አለቻት። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «እሷ ካልነገረችሽ እኔ እነግርሻለሁ።»